ጋዝ ያነሳቸው ድንክ ጋላክሲዎች ኮከብ የሚወልዱት እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ «የሦስተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። ድንክ ጋላክሲዎች ጋዛቸውን ለከዋክብት አውለው ጨርሰዋል ሲባል እሰማለሁ። ከእነዚሁ በአንዳንዶቹ ውስጥ ግን ወጣት ሰማያዊ ከዋክብት እንደሚታዩ አንብቤአለሁ። ኮከብ የሚወለደው ከጋዝ ከሆነ፣ ጋዝ የሌለው ጋላክሲ እንዴት ኮከብ ይወልዳል? ከሌላ ጋላክሲ ጋር ሲጋጭ ነው? ለመመረቂያ ጽሑፌ ይህንን ርዕስ ይዤ ከሊዮ ፒ፣ ከኤንጂሲ 205 እና ከድራኮ አንዱን ልመርጥ አስቤአለሁ፤ የትኛው ይሻላል? ከእነዚህ ውስጥ ከአገራችን ሊታይ የሚችል አለ?»

ምላሽ፦ ጋዝ የሌለው ጋላክሲ ኮከብ አይወልድም። ለዚህ ሕግ የተገኘ አንድም ልዩ ሁኔታ የለም። ግራ መጋባቱ የመጣው በተፈጥሯቸው የማይመሳሰሉ ሦስት ጋላክሲዎች «ድንክ» በሚለው አንድ ስም ስለተጠሩ ነው። ድራኮ በእርግጥ ጋዝ አልባ ነው፤ ከዋክብቱ በሙሉ ማለት ይቻላል ያረጁ ናቸው፣ ዛሬም የሚወለድበት የለም። ሊዮ ፒ ያለው ጋዝ ከትልልቅ ጋላክሲዎች ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፤ ከራሱ ከዋክብት ጋር ሲነጻጸር ግን የተትረፈረፈ ነው። ኤንጂሲ 205 በአብዛኛው አሮጌ ከዋክብት የሞሉበት ሆኖ መሐሉ ላይ ትንሽ ጋዝና ጥቂት ወጣት ከዋክብት አሉት። ስለዚህ ስለ አንድ ድንክ ጋላክሲ ሲነገር መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ከነዚህ ከሦስቱ ዓይነቶች የትኛው ነው የሚለው ነው።

ሊዮ ፒን እናስቀድም። ርቀቱ 5.3 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። የተገኘው በፖርቶ ሪኮ የነበረው የአሬሲቦ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ የሃይድሮጅን ጋዝ በሚያወጣው የ21 ሴንቲ ሜትር ሞገድ ሰማዩን ሲያስስ ሲሆን፣ ግኝቱ ይፋ የሆነው በ2013 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መጀመሪያ የተገኘው ጋዙ እንደሆነ ልብ ይበሉ፤ ከዋክብቱ የተለዩት በኋላ በብርሃን ቴሌስኮፕ ሲፈለጉ ነው። የሃይድሮጅኑ ክብደት የ800 ሺህ ፀሐዮች ያህል፣ የከዋክብቱ ድምር ደግሞ የ560 ሺህ ፀሐዮች ያህል ነው። በእኛ ፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ከዋክብቱ ጋዙን ብዙ ጊዜ እጥፍ ይበልጡታል። እንግዲህ በንጽጽር ከተሄደ ጋዝ ያነሰን እኛ ነን። የሊዮ ፒ ችግር ጋዝ ማጣት ሳይሆን ያለውን ጋዝ ወደ ኮከብ የመለወጥ ዝግመት ነው።

«ጋዛቸውን አውለው ጨርሰዋል» የሚለው አባባል መታረም አለበት። ለማረም ከባድ ሒሳብ አያስፈልግም። ሊዮ ፒ በአሁኑ ፍጥነቱ የአንዲት ፀሐይ ክብደት ያለው ኮከብ ለመሥራት ከ20 ሺህ ዓመታት በላይ ይፈጅበታል። የ800 ሺህ ፀሐዮች ጋዝ በዚህ ፍጥነት ተሠርቶ እስኪያልቅ 20 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይወስዳል ማለት ነው። የዩኒቨርስ ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ነው። እንደ እኛ ባሉ ጠመዝማዛ ጋላክሲዎች ውስጥ ያለ የሞለኪውል ጋዝ በተመሳሳይ ሒሳብ ሁለት ቢሊዮን ዓመት ያህል ብቻ ነው የሚበቃው። ድንክ ጋላክሲ እንግዲህ ጋዙን በልቶ ለመጨረስ የሚያስችል ፍጥነት ኖሮት አያውቅም። ጋዝ አልባ የሆኑት ድንኮች ጋዛቸውን አልበሉትም፤ ተወስዶባቸው ነው። የወሰዱባቸውም ሦስት ናቸው፦ የራሳቸው የሱፐርኖቫ ፍንዳታ (ግዙፍ ኮከብ ሲሞት የሚፈነዳው)፣ የጥንቱ ዩኒቨርስ አልትራቫዮሌት ብርሃን፣ እና የትልቅ ጎረቤት ጋላክሲ ግፊት።

ከሦስቱ ተማሪ በራሱ ሊያሰላው የሚችለው የመጀመሪያው ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። አንድ ሱፐርኖቫ ወደ አካባቢው የሚለቀው የእንቅስቃሴ ኢነርጂ 10⁴⁴ ጁል ገደማ ነው። የሊዮ ፒ ጋዝ 1.6 × 10³⁶ ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የሚዞረውም በሰከንድ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የዚህን ጋዝ የእንቅስቃሴ ኢነርጂ በተለመደው ቀመር ያስሉት፤ 1.8 × 10⁴⁴ ጁል ያገኛሉ። ይህ ከሁለት ሱፐርኖቫዎች አይበልጥም! በእኛ ጋላክሲ ውስጥ አንድ ፍንዳታ የአካባቢ ጉዳይ ነው። በሊዮ ፒ ውስጥ ግን የጠቅላላው ጋላክሲ ጉዳይ ይሆናል።

ታዲያ ሊዮ ፒ እንዴት እስከ ዛሬ ተረፈ? የተረፈበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ የፍንዳታው ኢነርጂ አብዛኛው ጋዙን ከመግፋቱ በፊት በጨረር መልክ ወደ ውጭ ያመልጣል፤ ለመግፋት የሚቀረው ከአሥር እጅ አንዱ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። በዚያ ላይ ጋዙን ከጥቁር ቁስ (በዓይን ከማይታየውና በስበቱ ብቻ ከሚታወቀው ቁስ) ስበት ጭምር አላቅቆ ለማስወጣት የሚያስፈልገው ኢነርጂ ለመዞር ከሚበቃው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሁለተኛ፣ ፍንዳታዎቹ በጊዜ ተራርቀው ይመጣሉ። በአማካይ ድምር ክብደታቸው የ100 ፀሐዮች ያህል ከሆነ አዲስ ከዋክብት መካከል በሱፐርኖቫ ለመሞት የሚበቃ ግዙፍ ኮከብ አንድ ያህል ነው። በአሁኑ ፍጥነት ይህ ማለት በሁለት ሚሊዮን ዓመት ውስጥ አንድ ፍንዳታ ገደማ ነው፤ በመካከሉ የተበተነው ጋዝ ተመልሶ የመውደቅ ዕድል ያገኛል።

የሚያመልጠው ግን ጥቂት አይደለም። የሊዮ ፒ ከዋክብት በዕድሜያቸው ያመረቱት ኦክስጅን ሲሰላና ዛሬ ጋላክሲው ውስጥ የሚገኘው ሲለካ፣ የቀረው 5 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። 95 በመቶው ወጥቷል። ይህ አኃዝ በዚህ ዘርፍ ካሉት መለኪያዎች ሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ነው፤ ምክንያቱም ሃይድሮጅኑ በብዛት ሲቀር ኦክስጅኑ ለምን እንደወጣ ሲያስቡት ነገሩ ይገለጣል። ኦክስጅኑ የሚመረተው በሚፈነዱት ከዋክብት ውስጥ ስለሆነ፣ ከሁሉ የሚሞቀውንና ከሁሉ በፍጥነት የሚወጣውን ጋዝ ተሳፍሮ ነው የሚሄደው። ቀዝቃዛው ሃይድሮጅን ባለበት ይቀራል። ጋላክሲው የሚያጣው እንግዲህ በተለይ ከባድ ንጥረ ነገሮቹን ነው፤ ይህ እጦት በኋላ የኮከብ ውልደቱን ራሱን እንዴት እንደሚያከብደው ከታች አነሳዋለሁ።

ሁለተኛው ወሳጅ ከየትኛውም ጋላክሲ ውጭ ነው። የመጀመሪያዎቹ ከዋክብትና ጋላክሲዎች ያወጡት አልትራቫዮሌት ብርሃን በመጀመሪያው አንድ ቢሊዮን ዓመት ውስጥ በዩኒቨርሱ የተሰራጨውን ሃይድሮጅን ኤሌክትሮኑን እየነጠቀ አሞቀው። ይህ የዳግም አዮናይዜሽን ዘመን ይባላል። ጋዙ ከ10 ሺህ እስከ 20 ሺህ ኬልቪን ሲሞቅ አቶሞቹ በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ይንቀሳቀሳሉ። የሊዮ ፒ የመዞር ፍጥነት ስንት ነበር? 15 ኪሎ ሜትር በሰከንድ። ይህ መቀራረብ እንዲሁ የሆነ አይደለም፤ የሊዮ ፒ ስበት የሞቀውን ጋዝ መያዝና አለመያዝ ድንበር ላይ ስላለ ነው። ከእርሱ ያነሱት፣ ለምሳሌ 75 ሺህ የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ያለው ሴጉ 1 የመሰሉ እጅግ ደብዛዛ ድንኮች፣ በዚያ ዘመን አዲስ ጋዝ መቀበል አቁመው ውልደታቸው ለዘለዓለም ቆሟል። የሀብል ቴሌስኮፕ እንዲህ ያሉ ስድስት ጋላክሲዎችን ሲመረምር ከዋክብታቸው በአብዛኛው ከ12 ቢሊዮን ዓመት በፊት የተወለዱ ሆነው ተገኝተዋል።

ድንበሩ ላይ ያሉት ግን አልሞቱም፤ ቆም ብለው እንደገና ጀመሩ። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ የሊዮ ፒን ከዋክብት አንድ በአንድ ለይቶ ዕድሜያቸው ሲገመት፣ በመጀመሪያ የተወለዱ፣ ከዚያ ጥቂት ቢሊዮን ዓመታት የፈጀ ዕረፍት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ዛሬ የቀጠለ ውልደት ታይቷል። ሊዮ ኤ የተባለው ድንክ ጋላክሲም ከዋክብቱን በብዛት የወለደው ዘግይቶ፣ ባለፉት ስምንት ቢሊዮን ዓመታት ገደማ ነው። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። በዩኒቨርሱ የነበረው አልትራቫዮሌት ብርሃን በጊዜ ሂደት እየተዳከመ ሲሄድ የሞቀው ጋዝ ቀስ በቀስ ይቀዘቅዛል፤ ከአካባቢውም ተጨማሪ ይሰበሰባል፤ መሐሉ ላይ ያለው ጋዝ ሲጠጋጋ የውጭው ክፍል ለውስጡ ከብርሃኑ መከለያ ይሆንለታል። የጠፋ የመሰለው ጋዝ በቦታው ነበር፤ ሞቆ ስለነበረ ብቻ ለኮከብ አልሆነም።

ሦስተኛው ወሳጅ ጎረቤት ነው። ፍኖተ ሐሊብን የከበበ እጅግ ስስ፣ ግን ሚሊዮን ኬልቪን ገደማ የሚሞቅ ጋዝ አለ። ድንክ ጋላክሲ በዚህ ውስጥ በሰከንድ 200 ወይም 300 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ያ ስስ ጋዝ እንደ ኃይለኛ ነፋስ ይሆንበታል። አውድማ ላይ ገለባውን ነፋስ ወስዶ ፍሬው እንደሚቀር ሁሉ፣ ጋዙ ተጠርጎ ከዋክብቱ ይቀራሉ። ከዋክብት ትንንሽና ጥቅጥቅ ያሉ ስለሆኑ ነፋሱ አይነካቸውም። ለዚህ ነው ከእኛ እስከ አንድ ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ባለው ክልል ውስጥ ያሉት ድንክ ጋላክሲዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ጋዝ አልባ የሆኑት፤ ድራኮም ስከልፕተርም እዚህ ውስጥ ናቸው። ከክልሉ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ 1.4 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ላይ የሚገኘው ሊዮ ቲ ግን ከከዋክብቱ ድምር የሚበልጥ ጋዝ አለው። መጠኑ ከድራኮ አይበልጥም፤ ልዩነታቸው አድራሻቸው ነው።

ከዚህ ሕግ የወጡት ትልቁና ትንሹ የማጄላን ደመናዎች ናቸው፤ ክብደታቸው ብዙ ስለሆነ ጋዛቸውን አጥብቀው ይዘዋል። እነርሱም ቢሆኑ ከበስተኋላቸው የማጄላን ጅረት የሚባል ረጅም የጋዝ ጅራት እየተው ነው የሚሄዱት። ትልቁ ደመና ከኢትዮጵያ ይታያል፤ በታኅሣሥ እኩለ ሌሊት ገደማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ከአድማስ 11 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል፣ ወደ ቦረና በወረዱ መጠን ደግሞ የበለጠ ይወጣል።

ጋዙ ቀረ እንበል። ከዚህ በኋላ ያለው ጥያቄ መጠን ሳይሆን ሙቀት ነው። ደመና በራሱ ስበት ለመውደቅ ክብደቱ ከአንድ ወሰን ማለፍ አለበት፤ ይህም የጂንስ ክብደት ይባላል፣ ከሙቀቱ ጋር በፍጥነት ያድጋል። በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር አንድ አቶም ያለበትና 10 ሺህ ኬልቪን የሞቀ ጋዝ ወሰኑ ብዙ ሚሊዮን ፀሐዮች ነው። የሊዮ ፒ ጋዝ ሁሉ ተሰብስቦ እንኳን ያንን አይሞላም! ጋዙ ወደ 10 ኬልቪን ቀዝቅዞ 10 ሺህ እጥፍ ሲጠጋጋ ግን ወሰኑ ወደ አንድ ፀሐይ ገደማ ይወርዳል። የኮከብ ውልደት ታሪክ በአጭሩ ከመጀመሪያው ሁኔታ ወደ ሁለተኛው የመውረድ ታሪክ ነው። ሊዮ ቲ ውስጥ ሁለቱም ደረጃዎች ጎን ለጎን ተለክተዋል፤ 6 ሺህ ኬልቪን ገደማ የሆነ ሰፊ ጋዝ አለ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ 500 ኬልቪን ገደማ የሆነ ቀዝቃዛ ክፍል።

ለመቀዝቀዝ ጋዙ ሙቀቱን በጨረር ማውጣት አለበት። ሃይድሮጅን ብቻውን ይህን የሚችለው እስከ 8 ሺህ ኬልቪን ገደማ ድረስ ነው፤ ከዚያ በታች ሥራው የካርቦንና የኦክስጅን ይሆናል። ሊዮ ፒ ያለው ኦክስጅን በፀሐይ ውስጥ ካለው 3 በመቶ ያህል ነው፤ የቀረው በፍንዳታ ወጥቷል ብለናል። ማቀዝቀዣው በሠላሳ እጥፍ ገደማ ስለተዳከመ ነው እንግዲህ ውልደቱ የዘገየው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያልፉት ነገር አለ፦ ጋዙን ከሚያሞቁት ነገሮች ዋናው ከዋክብት አቧራ ላይ የሚያሳርፉት አልትራቫዮሌት ብርሃን ነው፤ አቧራው በሌለበት ማሞቂያውም አብሮ ይደክማል። ስለዚህ ጥቂት ከባድ ንጥረ ነገር ያለው ጋላክሲ የሚቀዘቅዘው በዝግታ ነው እንጂ ከናካቴው አይቆምም። ይህን ሚዛን ሳያነሱ «ኦክስጅን ስለሌለ ኮከብ አይወለድም» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው።

ስለ ሞለኪውልም እንዲሁ። በመማሪያ መጻሕፍት ኮከብ የሚወለደው ከሞለኪውል ሃይድሮጅን ነው ይባላል፤ በትልልቅ ጋላክሲዎች ሁለቱ አብረው መታየታቸውም እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሞለኪውሉ የመቀዝቀዙ ምክንያት ነው ብሎ መደምደም አይገባም። ጋዝ በጨረር የማይነካ ጥቅጥቅ ያለ ቦታ ሲያገኝ ይቀዘቅዛል፣ በዚያው ቦታ ሞለኪውልም ይሠራል፤ ሁለቱ የአንድ ምክንያት ውጤቶች ናቸው። ሞለኪውል ሃይድሮጅን የሚሠራው በአቧራ ቅንጣቶች ላይ ስለሆነ አቧራ በሌለበት ረጅም ጊዜ ይፈጃል፤ ስበት ደግሞ አይጠብቀውም። የንድፈ ሐሳብ ሥራዎች እንደሚያሳዩት ደመናው በአብዛኛው አቶም ሆኖ ሳለ ሊወድቅ ይችላል። በተጨማሪም ሞለኪውል ሃይድሮጅን ሲቀዘቅዝ በቀጥታ ስለማይታይ ባለሙያዎች በምትኩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈልጋሉ፤ ካርቦንና ኦክስጅን በጠፉበት ጋላክሲ ውስጥ እርሱም ይጠፋል። በቺሊ የሚገኘው አልማ የተባለ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ በ2015 በታተመ ሥራ ደብሊውኤልኤም በተባለ ድንክ ጋላክሲ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አግኝቷል፤ የታየው ግን አሥር እጅግ ትንንሽ እምብርቶች ውስጥ ብቻ ነበር። የዚያ ጋላክሲ ከባድ ንጥረ ነገር የፀሐይ 13 በመቶ ነው፤ ሊዮ ፒ ከዚህም በብዙ ያንሳል። ስለዚህ «ካርቦን ሞኖክሳይድ አልታየም» ማለትን «ሞለኪውል የለም» ብለው እንዳይተረጉሙት አጥብቄ አሳስባለሁ።

ሌላው ጥንቃቄ የልኬት ነው። በትልቅ ጋላክሲ የውልደት ፍጥነት የሚለካው ግዙፍ ከዋክብት ሃይድሮጅንን ሲያበሩት በሚወጣው ቀይ ብርሃን፣ በሃይድሮጅን አልፋ ነው። ያንን ብርሃን የሚያወጡት ዕድሜያቸው ከጥቂት ሚሊዮን ዓመታት የማይዘልል ግዙፎች ናቸው። በሊዮ ፒ ውስጥ የዚህ ብርሃን ምንጭ የሆነው ዋናው ደመና በአንድ ኮከብ ብቻ የሚበራ ነው። ያ ኮከብ በሞተ ማግስት ልኬቱ «ውልደት ቆሟል» ይላል፤ ትንንሾቹ ከዋክብት ግን እየተወለዱ ሊሆን ይችላል። አልትራቫዮሌት ብርሃን ከእነዚያ ያነሱ ከዋክብትም ስለሚመጣ የ100 ሚሊዮን ዓመታትን አማካይ ይነግረናል። በድንክ ጋላክሲ ላይ ሁለቱን ሳያስተያዩ ፍጥነት መዘገብ አይገባም።

አሁን ኤንጂሲ 205። ይህ ጋላክሲ የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ባልደረባ ነው፤ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዋልተር ባዴ በ1944 ባወጣው ታዋቂ ሥራ ከዋክብቱን ነጣጥሎ ካሳየባቸው ጋላክሲዎች አንዱ ነው። በአብዛኛው አሮጌ ሆኖ መሐሉ ላይ ግን ሰማያዊ ወጣቶች፣ አቧራና የ400 ሺህ ፀሐዮች ያህል ክብደት ያለው አቶማዊ ሃይድሮጅን አለ። ከየት መጣ? ከጥንት የተረፈ ላይሆን ይችላል። ከዋክብት ሲያረጁ የላይኛ አካላቸውን በዝግታ ወደ ጠፈር ይለቃሉ፤ ብዙ አሮጌ ከዋክብት ባሉበት ጋላክሲ ይህ በቢሊዮን ዓመታት ውስጥ ይጠራቀምና ወደ መሐል ይወርዳል። እንዲያውም እዚያ ያለው ጋዝ በዚህ መንገድ ሊጠራቀም ከሚገባው ያንሳል፤ ስለዚህ ከፊሉ በፍንዳታ ወይም በአንድሮሜዳ ግፊት ወጥቷል ማለት ነው። ኤንጂሲ 185ም በተመሳሳይ መንገድ ይታያል። እንግዲህ አሮጌ ጋላክሲ በገዛ ከዋክብቱ ትንፋሽ ወጣቶችን ሊወልድ ይችላል፤ በጥያቄዎ ውስጥ ተቃርኖ መስሎ የታየዎትም ይኸው ነው።

ግጭት ምክንያት ነው ወይ ለተባለው፦ ለአንዳንዶች ነው፣ ለአብዛኞቹ ግን አይደለም። ኤንጂሲ 205 በአንድሮሜዳ ስበት የተጎተተ ምልክት አለበት፤ እንዲህ ያለው መጎተት ያለውን ጋዝ ወደ መሐል ሊገፋው ይችላል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። ሊዮ ፒ ደግሞ ከትልልቅ ጋላክሲዎች ርቆ ብቻውን የሚኖር ነው፤ ውልደቱን ለማስረዳት ግጭት አያስፈልገውም።

ሰማያዊ ኮከብ ሁሉ ወጣት ነው የሚለውም መታረም ያለበት ነው። ድራኮና ስከልፕተር ውስጥ ሰማያዊ ከዋክብት ይታያሉ፤ ወጣቶች ግን አይደሉም። ጥንድ ሆነው ይኖሩ የነበሩ ከዋክብት ሲዋሐዱ ወይም አንዱ ከሌላው ጋዝ ሲወስድ ከዕድሜው በላይ የሚሞቅና ሰማያዊ የሚመስል ኮከብ ይፈጠራል። ያረጁና በእምብርታቸው ሂሊየም የሚያነዱ ከዋክብትም ሰማያዊ መስለው ይታያሉ። አንድ ጋላክሲ ጋዝ ሳይገኝበት ሰማያዊ ከዋክብት ብቻ ከታዩ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ለመመረቂያ ጽሑፍዎ ሊዮ ፒን ይምረጡ። ድራኮ የሚያስተምርዎ ስላለፈው ብቻ ነው። ኤንጂሲ 205 ድንቅ ነው፣ ነገር ግን የአንድሮሜዳ መጎተት፣ የፍንዳታ ብክነትና አሮጌ ከዋክብት የለቀቁት ጋዝ ተደራርበውበት አንድ ተማሪ በአንድ ዓመት ሊፈታው አይችልም። ሊዮ ፒ ብቻውን ስለሚኖር የጎረቤት ግፊት ከሒሳቡ ይወጣል። የጋዙ፣ የከዋክብቱ፣ የኦክስጅኑና የመዞር ፍጥነቱ ልኬቶች ታትመዋል። ሦስት ስሌቶችን ይሥሩ፦ ጋዙ በአሁኑ ፍጥነት የሚበቃበት ጊዜ፣ የሱፐርኖቫ ኢነርጂ ከጋዙ መያዣ ኢነርጂ ጋር ያለው ዝምድና፣ እና የጂንስ ክብደት በተለያየ ሙቀትና ጥግግት። ጊዜ ከተረፈዎ ተመሳሳዩን ለሊዮ ቲ ይሥሩና ያስተያዩ። ራስዎ የኮምፒውተር ሲሙሌሽን ለመጻፍ አይነሱ፤ በዚህ ዘርፍ ታላላቅ ቡድኖች እንኳን የፍንዳታውን ኢነርጂ ለጋዙ በሚያካፍሉበት መንገድ የተነሳ የተለያየ ውጤት ያገኛሉ።

ወሰኑንም በጽሑፉ ላይ በግልጽ ያስፍሩ። የመዞር ፍጥነቱ የሚነግርዎ ጋዝ እስካለበት ርቀት ድረስ ያለውን ክብደት ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው ጥቁር ቁስ ሒሳቡ ውስጥ ስለማይገባ ያገኙት የመያዣ ኢነርጂ ዝቅተኛው ግምት ነው። ለጠመዝማዛ ጋላክሲዎች የተሠራውን የጋዝ ጥግግትና የውልደት ፍጥነት ቀመር በቀጥታ እዚህ አይጠቀሙ፤ በእንዲህ ያለ ስስ ጋዝ ላይ ከእውነቱ የበዛ ውልደት ይተነብያል። ከአንድ ጋላክሲም አጠቃላይ ሕግ አያውጡ።

ከአገራችን ስለሚታየው፦ ሊዮ ፒ ለግል ቴሌስኮፕ እጅግ ደብዛዛ ነው፤ ድራኮም ከዋክብቱ ስለተበታተኑ በዓይን አይለይም። ኤንጂሲ 205 ግን ይታያል። በጥቅምትና በኅዳር ምሽቶች ከአዲስ አበባ ኬክሮስ በስተሰሜን 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል፤ ከከተማ ብርሃን በራቀ ቦታ መስታወቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ ከአንድሮሜዳ አጠገብ እንደ ሞላላ ጭጋግ ሆኖ ያገኙታል። የእንጦጦ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ዓይነት መሣሪያ ደግሞ ቅርጹን በጥሩ ሁኔታ ፎቶ ማንሳት ይችላል። መሐሉ ላይ ያሉትን ወጣት ከዋክብት ነጣጥሎ ለመቁጠር ግን የሀብል ምስል ያስፈልጋል፤ የሀብል ምስሎች ማኅደር ያለ ክፍያ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ የሊዮ ፒንም የኤንጂሲ 205ንም ምስሎች ከዚያው ያውርዱ።